ባሌ የዳኘው አውጫጭኝ

ባሌ ሹመት ከለቀቀ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ሹመት ግን እሱን አልለቀቀውም ነበር። አንባቢዎቼ፣ ጡረታ የወጣ ሹም አግብታችሁ ካልኖራችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባችሁ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ።

ግራዝማች ደበበ ይባላል። በጃንሆይ መንግሥት ወለጋ ውስጥ ከወረዳ ወረዳ ሲዛወር ኖሮ በምክትል ወረዳ ገዥነት ጡረታ ወጣ። በአፌ አንቱ እለዋለሁ። በልቤ ግን ከተጋባን ጀምሮ አንተ ነው የምለው፤ እዚህ የምጽፈውም በልቤ እንደምጠራው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ለመሆን ስለ ሌላ ሰው ማሰብ ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ለዚያ ጊዜ አልነበረውም።

ጡረታ እንደወጣ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ባለው ቤታችን ተቀመጥን። በመጀመሪያው ሳምንት ካባውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ ወደ ገበያው ወጣ። አንድም ሰው ከመቀመጫው አልተነሳለትም። ሻይ ቤት ገባ፤ አንድ ወጣት አስተማሪ ጋዜጣውን ዝቅ እንኳ ሳያደርግ "ጤና ይስጥልኝ አባባ" አለው። አባባ! ከቤት ሲወጣ ፊቱ የተልባ እሸት መስሎ ነበር፤ የተልባ ገለባ መስሎ ተመለሰ።

"ይቺ ከተማ ባለጌ ሆናለች" አለኝ። "ያስተዳደርኩትን ሕዝብ ወጥቼ ልጎብኝ።"

ሕዝቡን ልጎብኝ ማለቱ ምን እንደነበረ ቶሎ ገባኝ። የጡረታው ወሬ ያልደረሰባቸውን ከተሞች እየመረጠ ነበር። ኑኑ ቁምባ ሄድን፤ ቢላ ሄድን፤ ስማቸውን የማላስታውሳቸው፣ አንድ ገበያና አንድ ወፍጮ ብቻ ያላቸው መንደሮች ሁሉ ሄድን። "ግራዝማች፣ ምን እግር ጣለዎት?" ሲሉት "ለሥራ ጉዳይ" ይላል። ምን ሥራ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሹም ስለ ሥራው አይጠየቅም። በግ ይታረዳል፤ ጠጅ ይወርዳል፤ አልጋ ይለቀቅልናል። እሱ ስለ ድንበር ክርክር ምክር ይሰጣል፣ እኔ በሰው ሳፋ ካልሲውን አጥባለሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የወለጋን ከተሞች በአየራቸው ሳይሆን በቁንጫቸው ለይቼ አወቅኳቸው።

ከቤት ስንወጣ ሁልጊዜ ሁለት ዕቃ ይከተለናል። አንዱ ካባውና ኒሻኑ ያለበት፣ ሁለት ሰው የሚያንገዳግድ የእንጨት ሣጥን ነው። ሁለተኛው ቆዳ የተለበጠ ተጣጣፊ ወንበር ነው። ሹም በሰው በርጩማ ላይ አይቀመጥም ይላል። አውቶቡስ ላይ ሣጥኑ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ወንበሩን ግን እኔ ጭኔ ላይ ይዤ እሄዳለሁ።

እንዲህ ስንዞር ነው አንድ ከሰዓት በኋላ ቡርቃ ሎሚ የደረስነው። ትክክለኛ ስሟ ይህ አይደለም፤ ሰዎቹ ደጎች ስለሆኑ ስማቸውን ማንሳት አልፈልግም። ከቢላ የግማሽ ቀን መንገድ ትርቃለች፤ በክረምት መኪና አይገባባትም። ያረፍነው በአቶ ሽኩር ቤት ነበር። ሽኩር ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ፣ ጨውም ጨርቅም የሚሸጥ፣ ከሁሉም ጋር በሰላም የሚኖር ሰው ነው። አማርኛውም ኦሮምኛውም ጉራጊኛውም እኩል ይቀናዋል፤ ችግር ሲመጣ ግን በሦስቱም ዝም ይላል።

ማታ ጠጁ ከመምጣቱ በፊት ባሌ ቶለራ የሚባል ተሸካሚ አስጠራ። ቶለራ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያናግሩት መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነበር።

"ይህ ሣጥን ሳይነጋ ተነስቶ ከእኛ ቀድሞ ቢላ ይግባ" አለው ባሌ። "በቅሎ ፈልግና ጫን።"

"ጎፍታኮ፣ ጌታዬ፣ እኔ በቅሎ የለኝም።"

"ማዶ መስክ ላይ አንዲት ታስራ አይቻለሁ።"

"እሷ የቆሮው ናት። ሳይጠየቅ..."

"እኔ እነግረዋለሁ። አንተ የታዘዝከውን አድርግ።"

ቆሮ የሚባለው የአካባቢው ባላባት ነው፤ ቆሮ ጉተማ። የዚያን ዕለት ማታም ከእኛ ጋር ጠጅ ጠጥቷል፤ ከባሌ ጎን ነበር የተቀመጠው። ባሌ ስለ ድሮ ዘመቻው ነገረው፤ ስለ ድሮ ፈረሱ ነገረው፤ ስለ በቅሎዋ አልነገረውም። ሆን ብሎ አይደለም፤ ረሳው። ሹም ሳለ የተናገረውን ሁሉ የሚያስታውስለት ሌላ ሰው ነበረ። ጡረታ ያንን ሰው እንደወሰደበት እስከዚያን ቀን አልገባውም ነበር።

ጎሕ ሲቀድ በመስኮት አየሁ፤ ቶለራ ሣጥናችንን በአንዲት ዳማ በቅሎ ላይ እየጫነ ነበር። በቅሎዋ ራሷን ስታወዛውዝ የግራ ጆሮዋ ጫፍ እንደሌለ ልብ አልኩ። ከዚያ ተመልሼ ተኛሁ።

ያነቃኝ የጥሩንባ ድምፅ ነው። ለፋፊው በሁለቱም ቋንቋ ይጮሃል፤ የቆሮ ጉተማ ንብረት ጠፍቷልና በከተማዋ ያደረ ሁሉ፣ ወንድ ሴት፣ እንግዳ ባለአገር ሳይባል ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ ለአውጫጭኝ ይውጣ፤ የቀረ እንደ ሌባ ይቆጠራል።

አውጫጭኝን የማታውቁ ልጆች ካላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዕቃ ሲጠፋና ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ሕዝቡ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እርሻ ይታረስ፣ ወተት ይናጥ አይባልም። እያንዳንዱ ይምላል። የሚያውቀው ነገር ያለው ሰው ለብቻው ወደተቀመጡት ሽማግሌዎች ይሄድና "ወፍ እንዲህ ስትል ሰማሁ" ይላቸዋል። የወፏ ስም አይጠራም። ሽማግሌዎቹ የወፏን ቃል ለዳኛው ይነግሩታል፤ ዳኛው ለሕዝቡ ያሰማል።

እንግዲህ ዳኛ ያስፈልጋል። ቆሮው ከሳሽ ስለሆነ አይዳኝም። የምክትል ወረዳው ሹም ለስብሰባ ነቀምቴ ሄዷል። ሽማግሌዎቹ ተማክረው ወደ ሽኩር ቤት መጡ። የሚመሯቸው ኦቦ ዋቅቶላ የሚባሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ነበሩ።

"አካም ቡልተን፣ እንደምን አደራችሁ" አሉ ከደጅ። "ግራዝማች እዚህ እያሉ ሌላ ሰው ለምን እንፈልጋለን? ወንበሩን ይያዙልን።"

የባሌ አንገት ሲረዝም አየሁ። ጠጋ ብዬ "አመመኝ ይበሉና እንሂድ" አልኩት በሹክሹክታ።

"ሕዝብ ጠራኝ እኮ አጸደ!" አለኝ። ዓይኑ ውስጥ እንባ ነበር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ለእናቱ ሞት ያላወጣው እንባ ነው።

ወንበሩ ሜዳው ላይ ተዘረጋ። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ነጭ ለባሾች ጠመንጃቸውን ይዘው ዙሪያውን ቆሙ። ለእኔ ዳር ላይ ምንጣፍ ተነጠፈልኝ፤ ጃንጥላ ተያዘልኝ። ባሌ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ ሲያሽ የቆየውን ንግግር ሁሉ አወጣው። በመጨረሻም እንደ ወጉ እርግማኑን አወረደ።

"የዚህን ሰው ንብረት የነካ፣ ያስነካ፣ እያወቀም ዝም ያለ፣ ሹም ይሁን ባለአገር፣ የእኔም ወንድም ቢሆን፣ ዘሩ አይብቀል! ወንበሩ አይርጋ!"

"ሃ ታኡ!" አለ ሕዝቡ፤ ይሁን ማለታቸው ነው። እኔም አሜን አልኩ።

ከዚያ ቆሮ ጉተማ ተነስቶ የጠፋበትን ተናገረ። "በቅሎዬ ናት። ዳማ ናት፤ የግራ ጆሮዋ ጫፉ ቆራጣ ነው። ትናንት ማዶ መስክ ላይ ታስራ አመሸች፤ ጠዋት የለችም።"

ወደ ባሌ ዞርኩ። መሬቱን መታ መታ የሚያደርግበት ከዘራ ቆመ። እሱም አየኝ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ማዶ ያለውን ተራራ መመልከት ጀመረ፤ ተራራው የተሰረቀ ይመስል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። "ወይ ጉድ፣ ይቺንማ እኔ ነኝ ያዘዝኳት፣ ልነግርህ ረስቼ ነው" ቢል ሁሉም ስቆ በየቤቱ ይገባ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አፉን ከፈተ፤ እኔም ተመስገን አልኩ።

"ቆጠራው ይጀመር" አለ።

ሰዉ በየተራ እየተነሳ ማለ። ፀሐይ ከፍ ስትል የቀረው ሰው ታወቀ፤ ቶለራ ብቻ። ሚስቱ ዲንቄ ሕፃን ልጇን አዝላ ወደ መሐል ተጠራች። ቀጠን ያለች፣ አንገቷን ቀና ያደረገች ሴት ናት።

"ባልሽ የት ሄደ?" አለ ባሌ። በድምፁ ላይ ምንም አልነበረም። እንዲያው ምንም!

"ሥራ አገኘሁ፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሳይነጋ ወጣ። የማን ሥራ እንደሆነ አልነገረኝም።"

"ማዪ።"

"አልምልም" አለች።

ሜዳው ጉድ አለ። ባሌም ብድግ አለ። "ምን አልሽ?"

"እኔ የወንጌል ሰው ነኝ። መጽሐፉ ከቶ አትማሉ ይላል፤ ቃላችሁ አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን ይላል። ዱጋ፣ እውነት ነው የምናገረው። ባሌ ሌባ አይደለም።"

"አልምልም ያለች የምትደብቀው ነገር ቢኖራት ነው" አለ ባሌ ለሕዝቡ። የቶለራ ጎረቤቶች እንኳ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሁሉም ምሎ እሷ ብቻ አልምልም ስትል ምን ይበሉ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ሽኩር ወደ ምንጣፌ ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ። "እትዬ፣ ሣጥኑ ክፍላችሁ ውስጥ የለም" አለኝ በጆሮዬ።

"የለም።"

"እኔ ምንም አላየሁም" አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። አልፈረድኩበትም። ለሹም በግ ሲያርድ የኖረ ነጋዴ ሌላ ምን ይላል?

ለምሳ እኔና ባሌ ብቻ ከሽኩር ጓሮ ገባን፤ ዳኛና ሚስቱ በሜዳ አይበሉም። ጎድን ቀርቦለት መጋጥ ጀመረ።

"ግራዝማች" አልኩት፣ "በቅሎዋ ሣጥናችንን ጭና ነው የሄደችው።"

"ዝም በይ።"

"አሁን ይንገሯቸው። ገና ነው፤ ይስቃሉ።"

"ከረገምኩ በኋላ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቆሮው በማን ሥልጣን አዘዝክ ቢለኝ ምን ልበል? ጡረተኛ ነኝ ልበል?"

"አዎ። እንደዚያ ይበሉ።"

"እንደዚያ ከምል ብሞት ይሻለኛል።"

"ቶለራስ?"

"እሱ ምንም አይሆንም። ነቀምቴ ስንገባ ሰው ልኬ አስፈታዋለሁ።"

"በማን ሥልጣን?" አልኩት።

አጥንቱን አገላብጦ በሌላ በኩል ጋጠው። አንባቢዎቼ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሬው በልቻለሁ፤ ምግብ አስጠልቶኝ የተነሳሁት ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ ነገሩ ባሰ። ባሌ ቶሎ ጨርሶ ከከተማዋ መውጣት ፈልጎ ነበር። ቶለራ ሌባ ተብሎ እንዲያዝ፣ ላሙና ጎጆው ለበቅሎዋ ካሳ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። ሁለት ነጭ ለባሾች ወደ ቢላ መንገድ እንዲወጡ አዘዘ። አንደኛው ጠመንጃውን በትከሻው እያስተካከለ "ጌታዬ፣ ሲያየን ቢሮጥስ?" አለው።

ባሌ ትንሽ አሰበ። "ሌባ ሲሮጥ ምን እንደሚደረግ አታውቅም?" አለው።

ዲንቄ አልጮኸችም። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አቅፋ ቁጭ አለች። እኔ ያን ጊዜ የታየኝ ቶለራ ነው፤ የሰውን በቅሎ እየሳበ፣ የእኛን ሣጥን አድርሶ፣ ምናልባት ስላመሰገነው ሹም እያሰበ በጭቃው መንገድ ሲመለስ። ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች "ቁም!" ሲሉት ደንግጦ ቢሮጥ ይሞታል። ባይሮጥም "ግራዝማች ነው ያዘዘኝ" ይላል፤ ግራዝማች ደግሞ "አላውቀውም" ይላል። የግራዝማችና የተሸካሚ ቃል በአንድ ሚዛን ሲቀመጥ የትኛው እንደሚያጋድል ልንገራችሁ?

ከምንጣፌ ተነሳሁ። ጃንጥላውን አስቀምጬ ሦስቱ ሽማግሌዎች ለብቻቸው ወደተቀመጡበት ቁጥቋጦ ጀርባ ሄድኩ። የሹም ሚስት ወደ ሽማግሌ ስትሄድ ለሽንት የሄደች ነው የሚመስለው፤ ማንም ልብ አላለኝም።

ኦቦ ዋቅቶላ ሲያዩኝ ቀና አሉ። "አዴ፣ መንገድ ጠፋብዎት?"

"አልጠፋብኝም። ወፍ ስትናገር ሰምቼ ነው።"

"ወፏ ምን አለች?" አሉ ኦቦ ዋቅቶላ።

"ቆራጣ ጆሮ ያላትን በቅሎ ጎሕ ሲቀድ አየኋት አለች። ሣጥን ተጭኖባት ነበር። ሣጥኑ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ንብረት ነው፤ ቶለራን ያዘዘውም እሱ ነው። ለቆሮው እኔ እነግረዋለሁ ብሎ ረስቶ ነው። ሌላም ነገር ብላለች። ይህ ሰው ሹመቱ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል።"

ኦቦ ዋቅቶላ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "ወፏ ይህን ካለች በኋላ ጎጆዋ ወዴት ይሆናል?" አሉኝ።

"ጎጆዋ ያለው ሣጥኑ ውስጥ ነው" አልኳቸው፤ "እሱም በበቅሎዋ ላይ ሄዷል።"

ሳቅ አሉና ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። እኔም ወደ ምንጣፌ ተመለስኩ። ወደ ባሌ ሄደው በጆሮው ሲነግሩት አየሁ። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ አመድ መሰለ። እንደ ሕጉ የወፏን ቃል ጮክ ብሎ ማሰማት ነበረበት።

"ወፍ መጥታ ነበር" አለ ለሕዝቡ። "ውሸታም ወፍ ናት። ቃሏ ተጥሏል።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ኦቦ ዋቅቶላ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ "ጎፍታ፣ የወፍ ቃል ሳይሰማ አይጣልም" አሉት። "ሕጉን እርስዎም ያውቁታል።"

"ወፏ ማን ናት? ትቅረብና ፊቴ ትናገር!"

"የወፍ ስም አይጠራም።"

"እንግዲያው ስም የሌላት ወፍ ዳኛን አትሰድብም። ሰዎቹ ይሂዱ!"

ነጭ ለባሾቹ ተነሱ። ዲንቄ ዓይኖቿን ጨፈነች።

"ወፏ እኔ ነኝ" አልኩ።

ድምፄ ያን ያህል ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ለሽማግሌዎቹ የነገርኳቸውን ደገምኩት፤ በቅሎዋን፣ ሣጥኑን፣ ትእዛዙን፣ ጡረታውን። ኦሮምኛዬ ሰባራ ነው፤ ቢሆንም ሁሉም እንዲሰማ በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩት።

ቆሮ ጉተማ ወደ ባሌ ቀረበ። "ግራዝማች፣ እውነት ነው?"

"ሴት ናት፤ ምን ታውቃለች..." ብሎ ጀመረ ባሌ። ዙሪያውን አየ፤ የሚያስጨርሰው ሰው አላገኘም።

"በቅሎዬን ቢጠይቁኝ ኖሮ" አለው ቆሮው፣ "ኮርቻዋን ጨምሬ እሰጥዎ ነበር።"

ኦቦ ዋቅቶላ ወደ ወንበሩ ሄዱ። ቆመው ጠበቁ። ባሌ ሲነሳ ወንበሩን በወጉ አጣጥፈው አምጥተው ለእኔ ሰጡኝ። "እንግዲህ ሕጉ ሕግ ነው" አሉ። "በቅሎዋ በዓይን እስክትታይ ማንም ከሜዳው አይወጣም። ሰዎቹ ግን ጠመንጃቸውን ትተው ይሂዱ።"

ግራዝማች ደበበ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ስንቱን ባለአገር በስንቱ ሜዳ ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው፣ ሣር ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ እንኳ አያውቅም ነበር። እግሩን ይዘረጋል፣ ይሰበስባል፣ ደግሞ ይዘረጋል። እኔ ወንበሩን ታቅፌ ከዲንቄ አጠገብ ተቀመጥኩ። አልዘረጋሁትም። እዚያው አደርን።

ቶለራ በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ በቅሎዋን እየሳበ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ። ሊቀበሉት የሄዱት ነጭ ለባሾች መንገድ ላይ አግኝተውት ነገሩን አልነገሩትም። በቀጥታ ባሌን ፈልጎ አገኘው፤ ሣር ላይ ተቀምጦ ቢያየውም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"ጎፍታኮ፣ ሣጥኑ በደህና ቢላ ገብቷል" አለ።

ሜዳው ሙሉ ሳቀ። ሽኩር እንኳ ሳቀ። ቶለራ ግራ ገብቶት ሚስቱን ፈለገ። የኖርኩትን ያህል ኖሬ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ምንም ክፋት አልነበረበትም፤ ለዚያም ነው የባሰው።

ሽማግሌዎቹ ባሌን ይቅርታ እንዲጠይቅ አዘዙት። በአገሬው ወግ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይቀርባል። ከተቀመጠበት ሥር ነቅሎ ዲንቄ ፊት ቆመ። ትልቅ ንግግር ሊጀምር ሲል አቋረጠችው።

"እኔ ይማሉ አልልዎትም" አለችው። "በቅሎዋን ያዘዙት እርስዎ ነዎት?"

"አዎን" አለ።

ከባሌ አፍ እንዲህ ያለ አጭር ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ዲንቄ ሣሩን ተቀበለችው፤ ልጇን አዝላ ባሏን ይዛ ሄደች። በአጠገቤ ስታልፍ "ገለቶማ፣ ሃርሜ ሲምቢሮ" አለችኝ፤ እናት ወፍ ሆይ፣ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው።

እስከ ቢላ በእግራችን ሄድን። በቅሎ አልጠየቅንም። ባሌ መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም፤ ለወራትም እንዲሁ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ነቀምቴ ገብቶ ጠበቀን። ዛሬም በገበያ ቅቤ ሻጮቹ "ሲምቢሮ" እያሉ ይጠሩኛል። ሰላምታ ሲሰጡኝ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ፤ ይህ ባሌን ከሁሉም በላይ ያንገበግበዋል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ሚስቶች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ሠላሳ ዓመት ባሌን በልቤ ስንቅ ኖሬያለሁ፤ በልብ መናቅ ብቻውን ሥራ የሠራሁ ያስመስለኝ ነበር። ምንም አልሠራሁም ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የነቀዘ ዝምታ ግን እኔ አይቻለሁ፤ የበግ ጎድን ይሸታል። እናንተ ወንበር ያላችሁም ስሙ። ወንበራችሁ ተጣጣፊ ነው፤ ሁሉም ወንበር ተጣጣፊ ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መጥቶ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

አሁንም እንጓዛለን። ባሌ ቤት መቀመጥ አልቻለም፤ እኔም ብትሉኝ መንገዱን ለመድኩት። ሣጥኑን ትተነዋል። ማደሪያችንን ራሳችን እንከፍላለን፤ በግ ቢቀርብ ማን አረደው፣ ስለ ምን አረደው ብዬ እጠይቃለሁ። ወንበሩን ግን ይዘነው እንሄዳለን፤ እኔ ነኝ የምቀመጥበት፤ ወገቤን ያመኛል። ቤት ያከራየን ሰው "እርስዎስ ማን ልበል?" ብሎ ሲጠይቀው፣ ባሌ አንገቱ መርዘም ይጀምራል። እኔ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

"ጡረተኛ ነኝ" ይላል።